እማዬን ሳሙልኝ

አካለ ወልድ ሞቶ የተገኘው ዓርብ ጠዋት ነው። ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። አጠገቡ ሞባይሉ ይጮኻል። ይጮህና ያቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጀምራል። ኢንስፔክተር የብርጓል አምደሚካኤል ደብረ ማርቆስ ላይ ወንጀል መመርመር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዘጠኝ ዓመት ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ስልክ ግን ሰምታ አታውቅም።

«ይነሣ እንዴ ኢንስፔክተር?» አለ ሳጅን አወቀ።

ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች። የውጭ አገር ቁጥር ነው። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የጎጃም ልጅ እመቤቷ ከገበያ እስክትመለስ ባገኘቻት አምስት ደቂቃ በሟቹ በኩል ቤቷን ፈልጋ ነው የምትደውለው። አንስተው ምን ይሏታል?

«ተወው፤ ይጩህ» አለች።  

ሟቹ የተመታው ከኋላው ነው። የአንቴና ማቆሚያ ብረት በሩ ሥር ወድቋል፤ እጅ የያዘው ቦታ በደንብ ተጠርጓል። ትግል አልነበረም። እንግዲህ ገዳዩ ከጀርባው ሲቆም አካለ ወልድ ዞር ብሎ ሊያየው አልፈለገም፤ የሚያውቀው ሰው ነው ማለት ነው። የኮምፒውተሩ ሆድ ተከፍቶ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሏል። የደንበኞቹ ስምና ቁጥር የሰፈረበት መዝገብም የለም።

ግድግዳው ላይ የዳዊት ማኅደር ተንጠልጥሏል። የሰው ዳዊት አይነካም፤ ገዳዩም አልነካውም። የብርጓል ግን አወረደችና ከፈተችው። ከዳዊቱ ጋር አንዲት ቀጭን ደብተር ወጣች። መጀመሪያው ገጽ ላይ ባማረ የቁም ጽሕፈት «ቁጥሩ የሰው ነው፤ የቤት አይደለም። ሰውየው ከሄደበት ይሄዳል» ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት ስሞች አሉ፦ ሀጀራ ከይጁቤ፣ የኋላእሸት ከአምበር፣ ወለተ ኢየሱስ ከማርቆስ። ከሥራቸው «መሪጌታ ገብረ ሚካኤልን ማናገር» ተብሎ ተጽፏል።

ሦስተኛውን ስም ሁለት ጊዜ አነበበችው። የታናሽ እኅቷ የዜማ የክርስትና ስም ወለተ ኢየሱስ ነው። ዜማ ቤይሩት ከሄደች ሦስት ዓመቷ። ወዲያው ራሷን ገሠጸች፤ በማርቆስ ከተማ ወለተ ኢየሱስ አንዲት ብቻ ናት እንዴ? ደግሞስ ባለፈው እሁድ ዜማ ተናግራ የለም? ከአባቷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ድምፅዋን ሰምተዋል። ስሞቹን ለአወቀ አሳየችው፤ ስለ እኅቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ይህ አካለ ወልድ የሚባለው ልጅ ዲማ ቅኔ የቆጠረ፣ ኋላም ባሕር ዳር ኮምፒውተር የተማረ ነበር። ከተማው የሚያውቀው ግን በስልኩ ነው። ያን ጊዜ፣ በ2005 ዓ.ም. መጋቢት፣ ከየቤቱ አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ቤይሩት ያለችው ነገ ዱባይ ናት፤ አሠሪ በተለወጠ ቁጥር ሲሙም ይለወጣል፤ እናት የማይሠራ ቁጥር ታቅፋ ትቀራለች። እሱ «አዝመራ» ለሚባለው ሠራተኛ ላኪ ድርጅት የኢንተርኔት ስልክ ሠራ። እያንዳንዷ ልጅ አንድ ቁጥር አላት፤ ኢንተርኔት ካገኘች የትም አገር ሆና በዚያው ቁጥር ወደ ቤቷ ትደውላለች። መደወል ካልቻለች መልእክት ትተዋለች፤ መልእክቱም በቀጠሮው ቀን ወደ ቤተሰቧ ስልክ ይሄዳል። ምንም ቃል እንዳይጠፋ ብሎ የተላከውን ሁሉ ያስቀምጥ ነበር።

---

ከአካለ ወልድ ክፍል ጎን ጋሽ ያሕያ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው ናቸው።

«ትናንት ምን ሰሙ ጋሽ ያሕያ?»

«ለዐስር ሰላት ውዱእ ሳደርግ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ወንበር መሰለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።»

«ሰው ሲገባ አላዩም?»

«ትናንት አላየሁም፤ በጓሮም በር አለው። ማክሰኞ ለታ ግን አንድ ሽማግሌ መጥተው ነበር፤ ጥቁር ጥላ የያዙ። ሲወጡ ግድግዳውን ተደግፈው ነው የሄዱ። ውኃ ልስጥዎ ብላቸው አልሰሙኝም።»

«እርስዎስ? ረቡዕ ከሟቹ ጋር ተጣልተው አንገቱን አንቀው እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ይናገራል።»

ሽማግሌው ሜትራቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አጥፈው ሲጨርሱ ዘረጉትና እንደገና አጠፉት።

«እሱን አትጠይቂኝ ልጄ።»

«መጠየቅ አለብኝ።»

«እሰሩኛ። አልናገረውም።»

አወቀ ሲወጡ «ይኸው ሰውየው ተገኙ» አለ። የብርጓል ግን የሽማግሌውን ዓይን አይታዋለች፤ የፈራ እንጂ የገደለ ሰው ዓይን አልነበረም። ፍርሃቱን አወቀችው፤ ከጠዋት ጀምሮ እሷም ተሸክማው እየዞረች ነው።

---

የአዝመራ ቢሮ አደባባዩን ተሻግሮ ነው። ጸሐፊዋ ጥሩብርሃን ስታለቅስ ውላ ዓይኗ አብጧል። ሀጀራና የኋላእሸት የድርጅቱ ልጆች መሆናቸውን አረጋገጠች።

«ወለተ ኢየሱስ የምትባል ግን ልከን አናውቅም፤ እኔ ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ» አለች።

«የክርስትና ስማቸውንስ?»

«እሱንማ ከቤተሰብና ከንስሐ አባት በቀር ማን ያውቃል?»

እዚህ ላይ የብርጓል መጠየቅ የነበረባት ጥያቄ ነበር፦ ታዲያ ለአካለ ወልድ ማን ነገረው? ዘጠኝ ዓመት የመረመረች ሴት ይህ አይጠፋትም። ግን አልጠየቀችም። ፈራች።

የድርጅቱ ባለቤት አቶ እንዳላማው ከውስጥ ክፍል ወጣ። ጥቁር ልብስ ለብሷል፤ ከማንም ቀድሞ ሐዘንተኛ ሆኗል።

«ወንድሜን ነው የገደሉብኝ» አለ። «ትናንት እኔ ይጁቤ ቅርንጫፋችን ነበርሁ። እዚህ ብሆን ኖሮ…»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ይጁቤ የነበሩት?»

«ቀኑን ሙሉ። ጥሩብርሃን ምስክሬ ናት።»

«እውነቱን ነው» አለች ልጅቱ። «ዘጠኝ ተኩል ገደማ ደውሎልኛል። የይጁቤው ቢሮ ቁጥር ነው፤ እኔው ራሴ አየሁት። ከዚያ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ መስመሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ይኸው እስካሁን አልተመለሰም።»

ይጁቤና ማርቆስ ደግሞ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። የብርጓል ጻፈችው። አቶ እንዳላማው በር ድረስ ሸኛት።

«እኅትዎ ደኅና ናት አይደል ኢንስፔክተር? አይዞዎት፤ መስመሩን እስከ እሁድ እናስጠግነዋለን። እሁድ አባትዎ ድምፅዋን ይሰማሉ።»

ደኅና ቃል ነበር። ለምን እንደዘገነናት ግን ያን ጊዜ አልገባትም።

---

አባቷ አቶ አምደሚካኤል ሁዳዴን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ባለፈው መስከረም ነው ያረፉት። ለዜማ አልተነገራትም፤ በሰው አገር ብቻዋን እንዳትደነግጥ፣ ስትመለስ እዚሁ ወገን መካከል ትርዳው ተባለ። የአገሩ ልማድ ነው፤ ያልተለመደ ነገር አልሠሩም። እናትሽ ዲማ ጸበል ናት አሏት። ከኅዳር ወዲህ አሠሪዎቿ ስልክ ከለከሏት ብሎ አዝመራ ስለነገራቸው፣ ዜማ መልእክት ብቻ ትልካለች፤ በየእሁዱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። ንግግሯም ሲያበቃ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እማዬን ሳሙልኝ።» የብርጓል ያን በሰማች ቁጥር ስለ ውሸቷ አንገቷን ትደፋ ነበር። አባቷ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ።

«የስልኩ ልጅ ሞተ አሉ» አሏት አባቷ።

«አዎ አባባ። ተገደለ።»

«ነፍሱን ይማረው። ደግ ልጅ ነበር።»

«ያውቁታል እንዴ?»

«ማን የማያውቀው አለ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። የብርጓል ወደ ቤይሩት ስድስት ጊዜ ደወለች፤ የሚያነሣ የለም። መስመሩ ስለተበላሸ ነው አለች ለራሷ። ራሷ ግን አላመነችም።

---

መሪጌታ ገብረ ሚካኤልን ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ሥር ቆመው አገኘቻቸው።

«ረቡዕ ማታ መጥቶ ነበር፤ የዲማ ደቀ መዝሙሬ ነው» አሉ። «ሦስት ቤት መርዶ አለብኝ አለኝ። በስልክ አይነገር፣ ማታ አይነገር፤ ሰው በልቶ ተኝቶ ይደርና ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ሰብስበን እንሂድ ተባባልን። አንደኛው የእስላም ቤት ነው ሲለኝ፣ ለነሱ በሽማግሎቻቸው በኩል ይሁን አልሁት። ቤቶቹን ቅዳሜ እነግርዎታለሁ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ማለት ነው።»

«የሞቱት እነማን ናቸው አላለም?»

«የአንዲቱን የክርስትና ስም ብቻ ሰጠኝ፤ ለጸሎት።» ዓይኗን አዩ። «አንቺ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሏት።

አልተቀመጠችም።  በቀጥታ ወደ ጋሽ ያሕያ ሱቅ ሄደችና ደብተሩን ገልጣ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ሀጀራ የማን ልጅ ናት?»

ሽማግሌው ስሙን አንብበው ቁልቁል ተቀመጡ። «የኔ፤ ይጁቤ ከእናቷ ዘንድ ያደገችው» አሉ። «ረቡዕ ለታ ያ ልጅ መጥቶ፣ ጋሽ ያሕያ፣ ዓርብ ዓርብ የሚሰሙት የዛሬ ሁለት ዓመት የተናገረችው ነው፤ ድሮ ያስቀመጥሁትን እያወጣ የሚልክ ሰው አለ አለኝ። ዋሽተሃል ብዬ አነቅሁት። ልጄን የገደላት እሱ መሰለኝ። ለፖሊስ ብናገረው ደግሞ እውነት ሊሆንብኝ ነው። ዝም ካልሁ ግን በሕይወት አለች።»

«ባለፈው በዓል እንኳን አደረሳችሁ ብላ ነበር?»

«ብላለች። በበዓሉ ቀን።»

ዜማም ለገና እንኳን አደረሳችሁ ብላ ነበር። ያምናውን ገና ሰላምታ ለዘንድሮው ገና መላክ ምን ያቅታል? የብርጓል አራት ወር ሙሉ በየእሁዱ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ከሙት ጋር ስትጨዋወት ኖራለች። የእናታቸውን ሞት ዜማ አታውቅም ብላ ስለምታምን፣ «ሳሙልኝ» የሚለው ቃል አልጎረበጣትም። ለእኅቷ ብላ የሸሸገችው ነገር የሌላውን ሽሸጋ ሸፈነለት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ልታለቅስ አልቻለችም። ልቅሶው ከኋላ ይምጣ፤ መጀመሪያ ሰውየው ይያዝ አለች።

---

የእንዳላማውን ቃል ሊያጣራ የሄደው አወቀ ከይጁቤ የተመለሰው ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ የቢሮውን ቤት አከራይ ወይዘሮ ጀነትን አነጋገርኋቸው። ሰውየው ሐሙስ ጠዋት ታይቷል፤ ከሰዓት የት እንደነበረ አያውቁም። አንድ ነገር ግን ነገሩኝ። ረቡዕ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ይጁቤ እስከ ዛሬ መብራት የለውም። የቢሮው ስልክ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም።»

«ታዲያ ከይጁቤ እንዴት ተደወለ?»

ጠየቀችና ራሷ መለሰችው። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠችለት። ቁጥሩ የሰው ነው፤ የቤት አይደለም። እንዳላማው የይጁቤውን ቁጥር በኪሱ ባለው ሞባይል ላይ ይዞት ይዞራል። ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ ያ ቁጥር ይጁቤ ነኝ ይላል።

«የት ሆኖ ደወለ ታዲያ?» አለ አወቀ።

«ጥሩብርሃን ምን አለች? በተደወለ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መስመሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ዲስኩን የነቀለው ያን ጊዜ ነው። አካለ ወልድ ክፍል ውስጥ፣ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ነው የደወለው።»

አወቀ አማተበ። «ዲስኩን ግን እስካሁን አባይ ውስጥ ወርውሮታል።»

«አይወረውረውም» አለች። «ነገ እሁድ ነው። ድምፁ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ እሁድ ካልተደወለ ሰው ይጠይቃል። እሱ ራሱ እስከ እሁድ እናስጠግነዋለን ብሎኛል።»

ዲስኩ እንዳላማው መኪና ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ተገኘ። መዝገቡም አብሮ ነበር።

---

ምርመራ ክፍሉ ውስጥ እንዳላማው መጀመሪያ ካደ፤ ዲስኩን ሲያይ ውኃ ጠየቀ። ጠጣና አፉን ጠረገ።

«አካለ ወልድን ለመንሁት» አለ። «መርዶው ከወጣ ልጁን የሚልክልኝ ሰው አይኖርም፤ ድርጅቱ ይዘጋል። እስከ ፋሲካ ዝም በል አልሁት። ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ማዳመጫውን አጠለቀ። ንዴት ነው።»

«ሦስቱስ ልጆች?»

«እኔ አልነካኋቸውም። አንዷ ከፎቅ ወደቀች፤ ሁለቱን ሕመም ገደላቸው። እዚያው ተቀበሩ። እኔ ምን ላድርግ?» ቀና ብሎ አያት፤ እርስዎ ማለቱም ቀረ። «እኔማ በሕይወት አቆየኋቸው። አንቺስ እሁድ እሁድ ስትሰሚ ደስ አይልሽም ነበር? አባትሽስ?»

አወቀ በድንገት ዞሮ አያት። አሁን ነው የገባው።

«መቼ ነው የሞተችው?» አለች የብርጓል።

«ኅዳር መባቻ ላይ። በሦስት ቀን ሕመም።»

ጻፈችው። ቀኑን፣ ሕመሙን፣ እንደ ማንኛውም ቃል። የመጨረሻውን መስመር ግን አወቀ ጨረሰላት።

ከጣቢያው ወጥታ ወደ መሪጌታ ሄደች። «ነገ ጎሕ ሲቀድ እኛ ቤት ኑልኝ» አለቻቸው። «አባቴ አያውቁም። ልባቸው ደካማ ነው፤ እንዳይሞቱብኝ እፈራለሁ።» ማታ ከአባቷ ጋር ራት በላች፤ የአገሩ ልማድ ነውና ምንም አልተነፈሰችም። 

---

እሁድ ሰማዩ ሲገረጣ የግቢው በር ተንኳኳ። የብርጓል ልትከፍት ስትወጣ አባቷን በረንዳው ላይ አገኘቻቸው። ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው፣ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጥቁሩ ጥላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ያን ጥላ ሃያ ዓመት ታውቀዋለች።

ሽማግሎቹ ገብተው ተደርድረው ቆሙ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ አምደሚካኤል፣ እንግዲህ የሰው ልጅ…»

«ተቀመጡ መሪጌታ» አሉ አባቷ። «ይህችን ልጄን እቀፉልኝ እንጂ፣ ለኔ መርዶ አታርዱኝ። እኔ ከኅዳር ጀምሮ ሐዘን ላይ ነኝ።»



«ጥቅምት ላይ ለዜማ ነገርኋት» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «አንቺ ሥራ ሄደሽ ሳለ ደወለች። እናቷ ጸበል ናት እያልሁ መዋሸት አልቻልሁም። እናትሽ አርፋለች አልኋት። ሁለታችን በስልክ አለቀስን። ላንቺ እንዳልነግርሽ ያስማለችኝ እሷ ናት፤ እኅቴ ለኔ ስትል ደብቃለች፣ እንዳወቅሁ ካወቀች ትጎዳለች አለች።»

«አባባ…»

«ኅዳር ላይ መልእክት መጣ። እማዬን ሳሙልኝ ትላለች። እናቷን አልቅሳ የቀበረች ልጅ እማዬን ሳሙልኝ ትላለች? ያን ቀን አወቅሁ። ግን ካልጠየቅሁ አልሞተችም እያልሁ አራት ወር ቆየሁ። ጾሙ ሲገባ ለነፍሷ ሳላስጸልይ መቅረቴ አስፈራኝ፤ ማክሰኞ ሄጄ ያን ልጅ ጠየቅሁት። የክርስትና ስሟንም ሰጠሁት። እሱም እዚያው መርምሮ ጉዱን አገኘው። ደሙ በኔም ላይ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳትደነግጪ ነዋ» አሉ። «ብቻሽን እንዳትደነግጪ።»

ከሽማግሎቹ አንዱ ማልቀስ ጀመረ። የብርጓል አባቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች፤ ከዓርብ ጀምሮ ያፈነችው ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ ግቢው ሞላ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን አባቷ ልማድ ሆኖባቸው ወደ ስልኩ ተመለከቱ። አልጮኸም።

«ያ ድምፅዋ ያለበት ዕቃ እናንተ ዘንድ ነው አሉ» አሏት ቀስ ብለው።

«አዎ አባባ። ማስረጃ ነው።»

«ነገሩ ሲያልቅ ይመልሱልን በያቸው» አሉ። «እሁድ እሁድ እሰማዋለሁ።»